ምዕራፍ 6፦ «አንቺ የከፈልሽ መስሎኝ ነበር»

በጎንደር ከተማ ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ወር ውስጥ የሚከፍሉትን ሁሉ እንዘርዝር ቢሉ ዝርዝሩ ከሚገምቱት በላይ ይረዝምባቸዋል። የቤት ኪራይ አለ፤ መብራት፣ ውሃና የልጅ ትምህርት ቤት አለ። በባል ስም የተያዘ የሰፈር እድር፣ በሚስት በኩል የሴቶች እድር፣ የመሥሪያ ቤት እቁብ፣ የወር ማኅበር፣ የቆሻሻ አንሺዎች ሂሳብ፣ የጥበቃ መዋጮ፣ የስልክ ጥቅል ይከተላሉ። ቀናቸው የተለያየ ነው። አንዱ በባንክ መስኮት፣ አንዱ በስልክ፣ ሌላው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእጅ ይሰጣል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚዘነጋው የትኛው ነው? እቁቡ ብዙ ጊዜ አይዘነጋም። ከጎረቤት ተበድሮ እቁቡን የሚጥል ሰው የውሃ ቢሉ ሦስት ወር ተወዝፎ ያገኘዋል። የሚገርመው፣ የውሃው ገንዘብ ቤት ውስጥ ነበረ። እሱ፣ እሷ ከፍላለች ብሎ ተቀመጠ፤ እሷም፣ ደመወዝ በወጣ ዕለት ከባንክ ሲመለስ ከፍሎ መጥቷል ብላ ተወችው። መብራቱ ሲቆረጥም ያው ንግግር ይሰማል።

«ከፍለኸው የለም እንዴ?»

«አንቺ የከፈልሽ መስሎኝ ነበር!»

እቁብ ለምን እንደማይረሳ አባል የሆነ ሁሉ ያውቃል። የሚሰበሰብበት ቀን የታወቀ ነው፤ ማን ጣለ ማን ቀረ ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ አለው፤ እጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ቀን፣ ጸሐፊ፣ ዋስ። የቤት ክፍያዎች ግን እነዚህ ሦስቱ የሏቸውም። ቀናቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ የሚመዘግባቸው የለም፤ ማን እንደሚጠየቅባቸውም አልተነጋገሩበትም። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሦስቱን ነገሮች ወደ ቤት ማምጣት ነው።

ዋሱ አስቀድሞ አለ

ከመጨረሻው እንጀምር። «ቆጣሪው በእሱ ስም ነው»፣ «ብድሩን የፈረመችው እሷ ናት» የሚል ክርክር በየቤቱ ይሰማል። በሕግ ዓይን ይህ ክርክር ብዙ ርቀት አያስኬድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሠርተው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ለቤተሰቡ ኑሮ ሲባል የተገባ እዳም የሁለቱ የጋራ እዳ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል፤ በዚህ ረገድ መንፈሱ ከፌዴራሉ አይርቅም።

የፌዴራሉ ሕግ አንድ ሌላ ነገርም ይላል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው በዚያው መጠን ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ዛሬ 500 ብር ለበዓል ዶሮ እንኳ አይበቃም፤ የድንጋጌው ሐሳብ ግን አላረጀም። አንዱ የገባበት እዳ ዞሮ ዞሮ የሌላውን ኪስ ስለሚነካ፣ ሁለቱም አስቀድመው ይወቁት ነው ነገሩ።

ስለዚህ ባልና ሚስት ፈለጉም አልፈለጉም አንዱ ለሌላው ዋስ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ እዳው ስንት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት አለው። «የት አደረስከው?» ብላ የጠየቀች ሚስት ባሏን አላመነችም ማለት አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው የተስማሙ ሰዎች በየወሩ ከሚነሣ ኩርፊያ ይድናሉ።

ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ስም

«አብረን እንከፍላለን» የሚለው ስምምነት ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ክፍያ የሚዘለለው ግን በእሱ ነው። የሁለት ሰው ሥራ የሆነ ነገር አንዱ በሌላው ላይ ይጥለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገንዘቡ የጋራ ይሁን፣ የመክፈል ሥራው ግን በአንድ ሰው ስም ይጻፍ። መብራት የእሷ፣ ውሃ የእሱ፣ ኪራይ የእሱ፣ ትምህርት ቤት የእሷ። የቀረው ሰው ምስክር ነው፤ ደረሰኙን ወይም የስልክ መልእክቱን አይቶ ምልክት ያደርጋል።

ማን የትኛውን ይውሰድ? ገንዘቡ የሚገባበትን ጊዜ ማየት ይረዳል። ሚስት ነርስ ናት፣ ባል ባጃጅ ይነዳል እንበል። የእሷ ገቢ በወር አንድ ጊዜ ተጠቃሎ ይገባል፤ የእሱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል። ኪራይ፣ መብራትና ትምህርት ቤት ወር የሚጠብቁ ስለሆኑ ከደመወዙ ጋር ይሄዳሉ። የቀን አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና የዕለት እቁብ ደግሞ ከባጃጁ ገቢ ጋር ይስማማሉ። እነዚህ ባልና ሚስት ቢገለብጡት፣ ባል በየማታው የሚያመጣውን ሽርፍራፊ ለኪራይ ሲያጠራቅም ገንዘቡ በመሃል ለሌላ ነገር ይወጣል፤ ሚስትም የወር ደመወዟን በ10 ቀን ውስጥ ለሽንኩርትና ለዘይት ትጨርሰዋለች።

ጸሐፊው አንድ ደብተር ነው። 32 ቅጠል የተማሪ ደብተር ይበቃል። በአንድ ገጽ አንድ ወር፤ በየመስመሩ የክፍያው ስም፣ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን፣ የከፋዩ ስም፣ የተከፈለበት ቀን፣ የምስክሩ ምልክት። የደንበኛ መለያ ቁጥሮች በመጀመሪያው ገጽ ይጻፋሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ታሞ ቢተኛ ወይም ለሥራ ቢወጣ፣ ሌላው የውሃውን ቁጥር ፍለጋ ቤቱን ማገላበጥ የለበትም።

ዓመቱ 13 ወር ነው

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ደመወዝተኛ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈለዋል፤ የኢትዮጵያ ዓመት ግን ጳጉሜን የምትባል 13ኛ ወር አለችው። በነሐሴ መጨረሻ የገባ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 36 ቀን መዝለቅ ይኖርበታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። የመስከረም ክፍያ መዘለሉ እንግዲህ ከዓመት ዓመት የሚታወቅ ነገር ነው፤ ድንገተኛ የሚባል አይደለም።

ጎንደር ላይ ሁለተኛው የፈተና ወር ጥር ነው። ጥምቀት በፋሲል መዋኛ ሲከበር ከመላው አገርና ከውጭ እንግዳ ይጎርፋል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ፍራሽ ያነጥፋል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ስጋ ይገዛል። ሠርግም በዚሁ ወር ይበዛል፤ የሠርግ ስጦታው፣ ልብሱ፣ የሚዜነቱ ወጪ ይከተላል። እንግዳ አይመለስም፤ የሚከፈለው ቢል ግን ወደ የካቲት ይገፋል፤ የየካቲቱ ወደ መጋቢት።

ለሁለቱ ወራት መድኃኒቱ ከሌሎቹ ወራት ማዋጣት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየወሩ የተወሰነ ብር ለጥር፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ደግሞ ለመስከረም ይቀመጣል። ከእቁብ ጋር የለመደ ቤት ይህን በቀላሉ ያደርገዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ የእቁቡን እጣ ነሐሴ ላይ እንዲደርሰው ከዕጣ ባለቤት ጋር ይቀያየራል።

ደጋው የሚከፍልበት ጊዜ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ ደጋ ግን ወር የሚባለው የገንዘብ መለኪያ ብዙም አይሠራም። ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ታጭዶ ሲወቃ ገንዘብ ይኖራል፤ ክረምት ሲገባ ጎተራውም ኪሱም ይሳሳል። በክረምት የሚመጣ ክፍያ ገበሬውን የሚያገኘው በደካማው ጊዜው ነው።

ይህ ከገንዘብም ያለፈ ነገር እንዳለው በሌላ አገር ተፈትኗል። አናንዲ ማኒ፣ ሴንድሂል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመኸር በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። ሰዎቹ ያው ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከመኸር በፊት፣ ገንዘብ ባጠረበት ጊዜ፣ ትኩረትና ማስተዋል በሚለኩ ፈተናዎች ያመጡት ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። የገንዘብ ጭንቀት የማሰብ አቅምን ይሻማል ማለት ነው። ስለዚህ በነሐሴ አንድ ቀጠሮ የረሳን ሰው ዝንጉ ብሎ መስደብ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ክፍያውን በጥር ጨርሶ መገላገል ነው።

ለደጋው ቤት ሁለት ክፍያዎች ከሁሉ ይቀድማሉ። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የዓመት መዋጮ ነው። ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው መኸር ከገባ በኋላ ስለሆነ ጊዜው ለገበሬው የተመቸ ነው። ያን ጊዜ ያላሳደሰ ቤተሰብ ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ መድኅን ሊከርም ይችላል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የተላከ አንድ በሽተኛ ለትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ ማደሪያና ለመድኃኒት የሚያስወጣው ከመዋጮው ጋር ሲተያይ፣ በቤቱ ውስጥ ሊዘለል የማይገባው ክፍያ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ሁለተኛው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ግብር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት የጀመረው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፤ በብዙዎቹ ላይ የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። መሬቱ የሁለቱ ከሆነ የግብሩ ደረሰኝም የሁለቱ ነው። ባል ወደ መተማ ወርዶ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ሁለት ሦስት ወር በሚቆይበት ጊዜ ሚስት ደረሰኙ የት እንዳለ ካላወቀች፣ የተከፈለው እንዳልተከፈለ ሊቆጠርባት ይችላል። ደረሰኞቹ ከይዞታ ደብተሩ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጡ፤ ሳጥኑ የት እንዳለ ሁለቱም ይወቁ።

ምጣዱና ቆጣሪው

በከተማ ቤት «መብራቱ ስንት ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ግምቱን ግን ማስላት ይቻላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገር በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው፤ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ላለው ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና ካውያው ሳይቆጠሩ ምጣዱ ብቻውን ቤቱን ከዝቅተኛው እርከን ያወጣዋል። ሁለት ቀን የሚጋገረውን በአንድ ቀን አድርጎ ምጣዱ እንደጋለ መጨረስ የሚያስገኘው ቁጠባ ከአምፖል ማጥፋት ይበልጣል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲከለስ ተደርጓል። አምና የከፈሉትን ብር ለዘንድሮ መያዝ እንግዲህ አይበቃም። ደብተሩ ላይ ያለፉት ሦስት ወራት ቢል ተጽፎ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ይቻላል።

ተከራዮች ሌላ ችግር አለባቸው። በብዙ ግቢ ሦስት አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሂሳቡ በአምፖል ብዛት ወይም በቤተሰብ ይካፈላል። አንዱ ቢዘገይ የሁሉም መብራት ይቆረጣል። እዚህ ላይ ከአከራይ ጋር ሁለት ነገር መነጋገር ያስፈልጋል፦ ገንዘቡ የሚሰበሰብበት አንድ ቀን፣ እና ቢሉ ሲከፈል ደረሰኙን ሁሉም የሚያይበት መንገድ። የካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ከውዝፍ ይድናል፤ ግን ካርዱ እሑድ ሌሊት ያልቃል። በካርድ ለሚጠቀም ቤት የክፍያ ቀኑ ካርዱ የሚያልቅበት ቀን ሳይሆን የቀረው አሐድ ከተስማሙበት ቁጥር በታች የወረደበት ቀን ይሁን።

ውሃው ደግሞ በጎንደር በፈረቃ ስለሚመጣ ክፍያው ይረሳል። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ የነዋሪው ቁጥር ደግሞ ጨምሯል። ውሃ ሳይመጣ የቆየበት ሰው ቢልም አይመጣም ብሎ ያስባል። ቆጣሪ አንባቢ ሳይደርስ የቀረበት ወር ሂሳብ ግን በሚቀጥለው ላይ ተደርቦ ሊመጣ ይችላል። በየወሩ በአንድ የተወሰነ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ማንሳት ለክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

ስልኩ የያዘው ምስጢር

በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ገደማ «ለሁሉ» የተባሉ ማዕከላት ሲከፈቱ መብራት፣ ውሃና ስልክ በአንድ ጣሪያ ሥር መክፈል እንደ ትልቅ ነገር ታየ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምርና የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር ሲለመድ ደግሞ ማዕከሉ ኪስ ውስጥ ገባ። ሰልፉ ቀርቷል። ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ ቀረ፦ በወረቀት ደረሰኝ ጊዜ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ ነበር፤ አሁን ማረጋገጫው የሚገባው በከፋዩ ስልክ ብቻ ነው። ሌላው ተጋቢ አያየውም። ስለዚህ ክፍያ ያለቀው ብሩ ሲወጣ ሳይሆን መልእክቱ ለምስክሩ ሲላክ ነው ተብሎ ይወሰን።

ስልክ የማይሠራበት ቀንም ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# ይሠራሉ፤ ለዚህ ግን ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ እሱም ሲጠፋ የሚቀረው ባንክ ቤት መሄድ ነው። የመጨረሻውን ቀን የሚጠብቅ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ መውጫ የለውም። ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚከፍል ግን ቢያንስ አንድ ሳምንት አለው።

በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለ አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለ የጎደለውን የሚሞላ አገልግሎት ጀመረ። ለቸገረው ሰው ይደርሳሉ። ክፍያቸውና መመለሻ ቀናቸው ግን በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ የተደበቀ እዳ ነው፤ ደመወዝ ገባ ሲባል ለኪራይ የታሰበው ገንዘብ ለዚህ ይሄዳል። ደብተሩ ላይ እነዚህም የራሳቸው መስመር ይኑራቸው።

የጋራ ሂሳብ ያስፈልጋል ወይ?

በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ጄኒ ኦልሰንና ባልደረቦቿ ይህን ጥያቄ በ230 የታጩና አዲስ የተጋቡ ጥንዶች ላይ ፈተሹት። ጥንዶቹ በዕጣ ተከፍለው ከፊሉ በጋራ የባንክ ሂሳብ፣ ከፊሉ በየግል፣ ሌሎቹ እንደ ፈቃዳቸው እንዲጠቀሙ ተደረገ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት መሠረት የጋራ ሂሳብ የያዙት በትዳራቸው የተሻለ እርካታ ነበራቸው።

ጎንደር አሜሪካ አይደለችም። እዚህ ከሁለቱም ወገን የሚጦሩ ወላጆች አሉ፤ የገጠር ዘመድ አለ፤ ለሴቷ የራሷ ጥቂት ገንዘብ መኖሩ ክብሯ ነው። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ይሻላል፦ ለክፍያዎች ብቻ የሚሆን አንድ የጋራ ሂሳብ፣ ከዚያ ውጭ ለእያንዳንዱ የራሱ። ደመወዝ በገባ ዕለት የክፍያዎቹ ድምር ወደ ጋራው ሂሳብ ይዛወር። የቀረው ለአስቤዛ፣ ለወላጅ፣ ለራስ ነው።

ካመለጠ በኋላ

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ወር ያመልጣል። ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ባይከፈል ምን ይሆናል? ጤና መድኅንና ኪራይ ከፊት ይሰለፋሉ። መብራትና ውሃ ይከተላሉ፤ ውዝፉ ሲበዛ መስመር ይቆረጣል፣ ለማስቀጠልም ተጨማሪ ወጪ አለ። እድር በመተዳደሪያ ደንቡ የሚፈቅደውን የመዘግየት ጊዜና ቅጣት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ከአባልነት መሰረዝ ግን በኀዘን ቀን ብቻ የሚታወቅ ኪሳራ ነው። የስልክ ጥቅል ከሁሉም በኋላ ነው።

አከራዩንና የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ያዥ ቀኑ ሳያልፍ ሄዶ ማናገር ሌላው ነው። ቀድሞ የተነገረው አከራይ ብዙ ጊዜ ሳምንት ይሰጣል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሰማ ግን ተደበቁኝ ብሎ ይቆጣል። የመብራት ሂሳብ ስህተት የመሰለው ሰው በ905 ደውሎ መጠየቅ ይችላል፤ ያነሳው የቆጣሪ ፎቶ የሚጠቅመውም ያኔ ነው።

ባልና ሚስት ይህን ምዕራፍ አብረው ያንብቡት። ከዚያ በሚመጣው እሑድ ከቡና በኋላ ደብተሩን ገዝተው ይቀመጡ፤ በመጀመሪያው ገጽ ክፍያዎቹን በሙሉ ከነመለያ ቁጥራቸው ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት አንድ ስም ያስፍሩ። ያን ዕለት ካልጻፉት የሚቀጥለው ወር ቢል ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ይመጣል።